ለዳኛው የነገርነውን ለሐኪሙም እንንገረው

በስደት ዓለም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ታሪካችንን መናገር አያቅተንም። ጥገኝነት ስንጠይቅ ለጠበቃው፣ ለኢሚግሬሽን መኮንኑ፣ ጉዳያችን ፍርድ ቤት ከደረሰም ለዳኛው የተናገርነውን እናስታውስ። በየትኛው ወር ከአዲስ አበባ እንደወጣን፣ መተማን ወይም ሁመራን በሌሊት እንዴት እንደተሻገርን፣ ገዳሪፍ ስንት ወር እንደተቀመጥን፣ ካርቱም በማን ቤት እንደተጠጋን፣ የታሰርንበት ክፍል ስንት ሰው ይይዝ እንደነበረ ሳይቀር ቀን በቀን፣ ወንዝ በወንዝ ቆጥረን ነግረናል። አንዲት ቀን ብትዛነፍ «ታሪኩ እርስ በርሱ ይጋጫል» እንዳንባል ፈርተን እንደ ዳዊት በቃላችን አጥንተነዋል።

ያው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ግን አንደበቱ ይታሰራል። «ምን ያምዎታል?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ሲባል «ኧረ ድሮ ትንሽ» ይላል። «ምን ሥራ ሠርተዋል?» ሲባል «የተገኘውን» ብሎ ያልፈዋል። በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ቦይ ገላህን ታጠብክ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ደግሞ በዚህ አገር እምብዛም አይገኝም። እንግዲህ ሐኪሙ አይጠይቅ፣ እኛ አንናገር፤ በመካከሉ የሚጎዳው ማነው?

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በማኅበራችን ውስጥ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ኮሌስትሮል በለቅሶ ቤትም በሠርግ ቤትም በግልጽ ይወራል። ፕሮስቴት እንኳ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስሙ መጠራት ጀምሯል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ግን እስከ ዛሬ ስም አላገኘም። «ኩላሊቱን ነው» ይባላል፤ ሲብስ «ሆዱን ነው» ይባላል፤ ቀብር ላይም እንደተድበሰበሰ አፈር ይለብሳል። ሽንት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። በነውሩ ላይ ደም ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ዝም እንላለን። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸውን የምናስታውሰው ለሌላው ስንመክር ብቻ ነው።

የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በ2024 በዚህ አገር ብቻ 83 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይያዛሉ ብሎ ገምቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከአራቱ ታማሚዎች ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጉልበታችን ወንዝና በረሃ ያቋረጥነው ወጣቶች ዛሬ የት ዕድሜ ላይ እንደደረስን ጠጉራችን ይመሰክራል። ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ የነዳሁ፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን ታላላቆቼን ሐኪም ቤት እያደረስኩ የማስተረጉም ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ።

የጋሼ ነገር

አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። «ስሜን ትተህ ነገሩን ጻፈው፤ ለሌላው ይተርፋል» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ጠዋት ሽንታቸው የቀይ ሥር ውሃ መስሎ ወረደ። ምንም አላመማቸውም። በማግስቱ ጠራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ጋሼም «ከጠፋማ ድኗል» ብለው ለባለቤታቸው እንኳ ሳይተነፍሱ በጋውን ጨረሱ። ነገሩ የታወቀው ልጃቸው መታጠቢያ ቤት ገብታ ያልወረደ ውሃ ባየች ጊዜ ነው። እሷ ናት እያለቀሰች የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ ያስያዘችው። ጋሼ ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር በልጄ አፍ አይተረጎምም» ብለው እኔን አስጠሩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። ጋሼ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩአት። «እስቲ ልጄ፣ መኪናው ላይ ቅጣት እንዳይለጥፉብን ወርደሽ እይልኝ» አሏት። መኪናው የቆመው ተከፍሎበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ልጅቷ ገባትና ፈገግ ብላ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ጋሼ ወደኔ ዘወር ብለው «ሠላሳ ስምንት ዓመት። በቀን አንድ ፓኮ፤ ሲጨንቀኝ አንድ ተኩል። በለው» አሉኝ። አልኩት።

ሐኪሙ ጻፈና ቀና ብሎ፣ በዚህ አገር ከሚታየው የፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ አጫሽ ሰው ካላጨሰው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ለዚህ በሽታ የተጋለጠ መሆኑን አስረዳን። ጋሼ ተገረሙ። «ሲጋራ የሳንባ ነው እንጂ ከፊኛ ጋር ምን አገናኘው?» አሉ። ይህ የጋሼ ብቻ ጥያቄ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው ሳወራው ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ሳንባ የሳበው ጭስ በሳንባ ውስጥ አይቀርም። በውስጡ ያሉት መርዞች ወደ ደም ይገባሉ። ኩላሊት ደሙን ያጣራና የማይፈለገውን ከውሃ ጋር ወደ ፊኛ ይልካል። ፊኛ እንግዲህ እንደ ጠላ ጋን ነው፤ አተላው የሚዘቅጠው እዚያ ነው። ሳንባን ለአፍታ ነክቶ ያለፈው መርዝ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ተጠራቅሞ ግድግዳውን ሲያጥብ ይውላል። ዛሬ ሲታጠብ፣ ነገ ሲታጠብ፣ ሠላሳ ዓመት ሲታጠብ ግድግዳው ይለወጣል። ሺሻም ቢሆን ያው ጭስ ነው። ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠራም። እዚህም በየላውንጁ፣ በዓረብ አገርም በየቤቱ ሺሻ ከበው የሚያመሹ ልጆቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ጭሱን ነግረን ስንጨርስ ጋሼን «የአዋሹንስ ልንገረው?» አልኳቸው። «እሱ ደግሞ ምን ይረባዋል?» አሉኝ። «እንንገረው ግድ የለም» ብዬ ነገርኩት። ጋሼ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በመካከለኛው አዋሽ ከመሬት ቀያሾች ጋር በረዳትነት ሠርተዋል። መለኪያውን ተሸክመው ረግረጉ ውስጥ እስከ ወገባቸው እየገቡ፣ ማታም በዚያው ውሃ እየታጠቡ ሁለት ዓመት ኖረዋል። በዚያን ጊዜም ደም ሸንተው ያውቃሉ። «ሙቀቱ ነው ተባልንና ተውነው» አሉ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህን እስከ ዛሬ ለሐኪም ነግረዋል?» አለ። አልነገሩም። ስለዚህ በሽታ ትምህርት ቤት ሳለ ያነበበውን እንጂ ሰው ላይ አይቶት እንደማያውቅ ሳይደብቅ ነገረን። ከዚያ በኋላ ነው ካንሰሩ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱም የመጣበት መንገድ እንዳለው በወረቀት ላይ እየሳለ ያሳየን።

አራቱ ዓይነቶች

በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚታየው የፊኛ ካንሰር ዘጠና በመቶ ያህሉ ፊኛን ከውስጥ ከሚያለብሰው ሽፋን የሚነሳ ነው፤ ሐኪሞች «ዩሮቴሊያል» ይሉታል። ዋናው መንገዱ ሲጋራ ነው፤ አንዳንድ የቀለምና የፋብሪካ ኬሚካሎችም ይከተላሉ። ሁለተኛው «ስኩዌመስ» የሚባለው ነው። በዚህ አገር ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ቢልሃርዚያ በጸናበት አገር ግን ዋናው እሱ ነው። መንገዱ ለብዙ ዓመት ያልበረደ ቁስለትና ብግነት ነው። ስለዚህ ትሉ ብቻ ሳይሆን በፊኛ ውስጥ ዓመታት የኖረ ጠጠርም፣ ሳይወጣ የከረመ የሽንት ቱቦም ሊያመጣው ይችላል። በጦር ሜዳ ወገባቸውን ተመትተው በቱቦ የሚሸኑ ወንድሞቻችን ይህን ሊያውቁትና ሐኪማቸውን ሊጠይቁበት ይገባል።

ሦስተኛው «አዴኖካርሲኖማ» ከመቶ አንድ ያህል ነው። ከፊሉ የሚነሳበት ቦታ ለኛ ለስደተኞች ልብ የሚነካ ነው። በእናታችን ማኅፀን ሳለን ፊኛችንን ከእትብታችን ጋር የምታገናኝ ቀጭን ቧንቧ ነበረች። ስንወለድ ትዘጋለች፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ቅሪቷ ይቀራል፤ ከዕድሜ በኋላም ካንሰር ሊነሳባት ይችላል። «እትብቴ የተቀበረበት አገር» እያልን የምንናፍቅ ሰዎች የእትብቱ ጫፍ ከኛው ጋር ተሰዶ እንደመጣ ማን ነገረን? አራተኛው «ስሞል ሴል» ከመቶ አንድ የማይሞላ፣ ነገር ግን ፈጥኖ የሚስፋፋ ክፉ ዓይነት ነው። አጫሾች ላይ ይበዛል።

የጋሼ የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ከአዋሽ ይልቅ የሲጋራው መንገድ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የአዋሹን ታሪክ አልጣለውም፤ በፊኛው ግድግዳ ላይ የቆየ የትል እንቁላል ጠባሳ እንዳለ ለይቶ እንዲፈተሽ አዘዘ።

ከአዋሽ እስከ ገዚራ

ስለ ቢልሃርዚያ ጥቂት ልበል። ትሉን በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ስሙም ከእሱ ወጣ። በሽታው ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በ1910 የግብፅ በድን ሲመረመር ከ3000 ዓመት በፊት በሞቱ ሁለት ሰዎች ኩላሊት ውስጥ የትሉ እንቁላል ተገኝቷል። ትሉ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ይራባና ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ፊኛን የሚያጠቃው፣ ሐኪሞች «ሄማቶቢየም» የሚሉት ግን በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጎች፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ ይገኛል። እንቁላሉን የሚጥለው በፊኛ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ይቆስላል፣ ይድናል፣ እንደገና ይቆስላል። ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ካንሰር ሊሆን ይችላል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 ይህን ትል ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው መደብ መዝግቦታል።

ግብፅን እንመልከት። በዓባይ የመስኖ ቦዮች ሲሠራ የሚውለው ገበሬ ለትውልዶች በዚህ ትል ተጠቅቷል፤ የፊኛ ካንሰርም ለረጅም ጊዜ በግብፅ ወንዶች ዘንድ ከካንሰር ሁሉ ቀዳሚው ነበር፤ አብዛኛውም ስኩዌመስ ነበር። «ፕራዚኳንቴል» የተባለው ኪኒን ከ1980ዎቹ ወዲህ ለሕዝብ ሲዳረስ ስኩዌመሱ እየቀነሰ ሄደ። ሲጋራው ግን በዚያው ዘመን በረታና የመጀመሪያው ዓይነት ቦታውን ያዘ። ያው ሕዝብ፣ ያው ፊኛ፤ መንገዱ ሲቀየር የካንሰሩም ዓይነት ተቀየረ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

የኛም አገር ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስመስክሮ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በ1997 አረፈ። ስሙን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በሱዳን በኩል የወጣነው ስንቶቻችን ነን? በሱዳን የገዚራ የመስኖ ቦዮች ሁለቱም ዓይነት ትሎች አሉ። በዚያ ፀሐይ ቦይ ያየ ሰው ዘሎ ይገባል እንጂ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል? እኔም ከገቡት አንዱ ነኝ። ከጋሼ ጋር ሐኪም ቤት ከዋልን በኋላ የራሴን ሐኪም «በሱዳን ቦይ ታጥቤያለሁና መርምሪኝ» አልኳት። ደምና ሽንት ተመረመረ፤ ትሉ ያለፈበት ምልክት ተገኘና ኪኒኑን ዋጥኩ፤ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር። «ሌሎቹም አገርህ ሰዎች ቢነግሩኝ» ያለችኝን አልረሳውም። ትሉ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሞታል፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሰው ውስጥ የኖረበት ጊዜም አለ። ቦይ የገባ ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለቴ አይደለም። የገባ ሰው ይናገር ነው የምለው።

ውሃን ካነሳን አርሴኒክም አለ። በቺሌ አንቶፋጋስታ ከተማ ሕዝቡ ከ1958 እስከ 1970 አርሴኒክ የበዛበት የወንዝ ውሃ ጠጣ። ውሃው ከተጣራ በኋላም በፊኛ ካንሰር የሚሞተው ሰው ብዛት ለአሥርት ዓመታት አልወረደም። በስምጥ ሸለቋችንም አንዳንድ የጉድጓድ ውሃዎች ጥርስ ከሚያበላሸው ፍሎራይድ ሌላ ከተፈቀደው በላይ አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። እዚያ ያደገ ሰው ይህንንም በዝርዝሩ ላይ ይጨምር።

የስደት እንጀራ

ሁለተኛው ዝርዝራችን የሚጀምረው አውሮፕላን ከወረድንበት ቀን ነው። በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ቀዶ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ መብዛቱን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር ቤንዚዲንና ቤታ ናፍታይላሚን የተባሉት የቀለም ኬሚካሎች ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ፤ በብዙ አገር ታገዱ። ችግሩ ኬሚካሉና ካንሰሩ የሚገናኙት ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሰው ሥራውን ይለቃል፣ ጡረታ ይወጣል፣ የነካውን ይረሳል፤ ፊኛው ግን አይረሳም።

የኛ ሰው እዚህ ምን ሠራ? ቤት ቀባ፤ የቀለም ቀቢነት ሥራ ዛሬ ካንሰር አምጪ ተብሎ በአንደኛው መደብ ተመዝግቧል፤ ከፊኛ ካንሰር ጋርም ተያይዟል። እህቶቻችን ፀጉር ሠሩ፤ ዕድሜ ልኩን ፀጉር ቀለም የሚያቀልም ባለሙያ አደጋው «ሳይኖርበት አይቀርም» ከሚባልበት መደብ ነው፤ ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ቅንጦት አይደለም። ራሱ ፀጉሩን ቤቱ ለሚቀባ ሰው ግን ያንን ያህል ማስረጃ የለም፤ ሽበት የሚሸፍኑ ወዳጆቼ አይደንግጡ። ከመሬት በታች ባሉ መኪና ማቆሚያዎች ስንት ዓመት ጭስ ስበን ኖርን? የናፍጣ ጭስ በ2012 ካንሰር አምጪ መሆኑ ታውጇል፤ ዋናው ማስረጃ የሳንባ ቢሆንም ፊኛም በተጠርጣሪነት ተጠቅሷል። ልብስ በደረቅ እጥበት የሚያጥቡም እንዲሁ የሚሠሩበት ፈሳሽ ተጠርጣሪ ነው።

ታክሲ ነጂ መጸዳጃ እንዳይፈልግ ብሎ ውሃ አይጠጣም፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1999 የወጣ ወደ 48 ሺህ የሚጠጉ ወንዶችን ለአሥር ዓመት የተከታተለ ጥናት ብዙ ፈሳሽ የጠጡት ጥቂት ከጠጡት በግማሽ ያህል ያነሰ የፊኛ ካንሰር እንዳገኛቸው ተናግሯል። በኋላ የመጡት ጥናቶች ሁሉ አልተስማሙበትም። ቢሆንም ጋኑን አለማጠብ ምን ይጠቅማል?

መድኃኒትም ይጠየቅ። ለስኳር የሚሰጠው «ፒዮግሊታዞን» ከአንድ ዓመት በላይ ሲወሰድ አደጋውን ሊጨምር ይችላል ተብሎ በ2011 ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል፤ ፈረንሳይም በዚያው ዓመት አግዳዋለች። «ሳይክሎፎስፋማይድ» የሚባለው የካንሰር መድኃኒትና ከወገብ በታች የተሰጠ ጨረርም እንዲሁ። በራሳችሁ ሥልጣን መድኃኒት አታቁሙ፤ ጠይቁ። ከአገር ቤት በፖስታ የሚላክልንን ስሙ የማይታወቅ ሥርም እናስብበት። ብራስልስ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ብለው የቻይና ሥራሥር የዋጡ ሴቶች «አሪስቶሎኪያ» የተባለው ተክል ኩላሊታቸውን ካበላሸ በኋላ በሽንት መውረጃቸው ላይ ካንሰር አስከትሎባቸዋል።

ቡና በነፃ ተለቀቀ

ክሱ ሁሉ በኛ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንድ የምሥራችም አለ። በ1991 ያው የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ቡናን ምናልባት የፊኛ ካንሰር ያመጣ ይሆናል ብሎ ከተጠርጣሪዎች ተርታ አስገብቶት ነበር። የከፋና የሐረር ሰው ሳይጠየቅ የተፈረደ ፍርድ ነው! ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ በ2016 ማስረጃው ሁሉ እንደገና ሲመረመር ቡና ከዝርዝሩ ወጣ። ቡና ጠጪው ብዙ ጊዜ ሲጋራም ያጨስ ስለነበር የሲጋራው ጥፋት በቡናው ላይ ተላኮ ኖሯል። ስለዚህ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጡ፤ ከጎኑ የምትለኮሰዋን ግን ተዉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው

ሥቃይ የሌለበት ደም የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ደወል ነው። ይመጣል፣ ይጠፋል፤ መጥፋቱም ያታልላል። የጆንሰን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ሂዩበርት ሃምፍሪ በ1967 ደም ሸና። ሐኪሞቹ ባዩት ናሙና ላይ አልተስማሙም። በ1976 ፊኛው ወጣ፤ በጥር 1978 ሞተ። በ1994 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የተቀመጠውን የ1967 ናሙና በአዲስ ዘዴ ሲመረምሩ የካንሰሩ ምልክት ያን ጊዜም በሽንቱ ውስጥ እንደነበረ አገኙ። ለምክትል ፕሬዚዳንት እንዲህ ከሆነ ለታክሲ ነጂ ምን ይሆናል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ዘመኑ ተለውጧል እላለሁ። ዛሬ በቀጭን ካሜራ ፊኛ ውስጥ ገብተው በደቂቃዎች ያያሉ፤ ከአራቱ ታማሚዎች ሦስቱ ያህል የሚደረስባቸውም ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ሳይዘልቅ ነው። የሚያስፈልገው ሰውየው በጊዜ መሄዱ ነው።

እህቶቼ ሆይ፣ የወንድ በሽታ ነው ተብሎ እናንተ ላይ ይበልጥ ይዘገያል። ደሙ «የወር አበባ ነው»፣ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ አንቲባዮቲክ ሦስት አራት ጊዜ ይታዘዛል። ምርመራው ኢንፌክሽን ካላሳየ፣ ወይም ታክሞም ደሙ ከተመለሰ፣ «ፊኛዬ ይታይልኝ» ብላችሁ በሉ። ቀይ ሥር በልተን ከሆነስ? ቀይ ሥር ሽንት ያቀላል፤ እሱን ለይቶ የሚነግረን ግን የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ ግምታችን አይደለም።

ጋሼ ዕጢው በሽንት ቧንቧ በኩል ተፍቆ ወጣላቸው። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ለስድስት ሳምንት ቢሲጂ በፊኛቸው ውስጥ ተሰጣቸው። አዎን፣ ያው በክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። ከ1976 ጀምሮ ለዚህ እየተሞከረ፣ በ1990 በአሜሪካ የተፈቀደ ሕክምና ነው። ጋሼም «በክንዴ ያመለጥኩትን በፊኛዬ ተከተቡኝ» እያሉ ያስቁናል። በሽታው ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው በየሦስት ወሩ ይታዩ ነበር፤ አሁን ቀጠሮው እየራቀላቸው ነው። ሲጋራውንም አቁመዋል። ሲጋራን ያቆመ ሰው አደጋው በዓመታት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጨርሶ ካላጨሰው ጋር ለመተካከል ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ለጥገኝነት ጉዳያችን የጻፍነው ታሪክ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ከጎኑ አንድ ሌላ ገጽ እንጻፍ። በአንድ በኩል የአገር ቤቱንና የመንገዱን፦ የታጠብንበትን ወንዝና ቦይ፣ የጠጣነውን ውሃ፣ በልጅነታችን ደም ሸንተን እንደሆነ። በሌላ በኩል የስደቱን፦ ሲጋራውን ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት፤ ሥራዎቻችንን በተራ፣ ቀለሙን፣ ጭሱን፣ ፈሳሹን፤ የዋጥናቸውን መድኃኒቶች። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ይተይቡልን። ልጅ ፊት የሚያሳፍረንን እኛው በእጃችን እንጨምርበት። ዕድሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንም ጭምር አንድ እሑድ ወይም አንድ ዓርብ ለዚህ ቢሰጡ የሚቀንሰው የለቅሶ ቤት ነው።

ዳኛው ታሪካችንን ሰምቶ የሰጠን ወረቀት በዚህ አገር እንድንኖር ነው። ለመኖር ደግሞ ሐኪሙም ታሪካችንን ይስማ።

ቸር ይግጠመን።